ያልወለዱትን ልጅ መውደድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ምናልባት «በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ የዓለም ድራማ ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን ይህን የመሰለውን ድራማ በቴሌቪዥንም በስልክም እናየዋለን። ካየነው ዘንድ ዝም ብሎ ከማለፍ ክፉውን ከደጉ ለይቶ መመርመር ይሻላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን ሁሉን እየመረመሩ መልካሙን እንዲይዙ መክሯቸዋል።

ይሁንና አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ድራማው ግድያ፣ አደንዛዥ ዕፅና ጸያፍ ንግግር የበዛበት ስለሆነ ለታናናሾቻችን የሚሆን አይደለም። ይህም ጽሑፍ «ሂዱና እዩት» ለማለት አልተጻፈም። የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ወጣት የሚወዳት ሴት ከሌላ ሰው የወለደችው ሕፃን ልጅ ቢኖራት ወጣቱ ለዚያ ሕፃን ምኑ ነው? ኃላፊነቱስ እስከ ምን ድረስ ነው?

፩. ታሪኩ ባጭሩ

ድራማው «ብሬኪንግ ባድ» ይባላል። የፈጠረው ቪንስ ጊሊጋን ሲሆን፣ ኤ.ኤም.ሲ. በተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ድረስ በ5 ምዕራፍ፣ በ62 ክፍል ቀርቧል። ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ ነው። ዋልተር ዋይት የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ይነገረዋል። እርሱም «ለሚስቴና ለልጆቼ ገንዘብ ትቼ ልሙት» በሚል ምክንያት፣ በተለምዶ ሜት የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል። ለዚህም የቀድሞ ተማሪውን ጄሲ ፒንክማንን ተባባሪ ያደርገዋል። ዋልተርን ሆኖ የተጫወተው ብራያን ክራንስተን ሲሆን ጄሲን ሆኖ የተጫወተው አሮን ፖል ነው።

ጄሲ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ወላጆቹ ተስፋ ቆርጠው ከቤት ያስወጡት፣ ራሱም የዕፁ ተጠቃሚ የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቀረበው በሦስተኛው ምዕራፍ አንድሪያ ከምትባል ሴት ጋር ይተዋወቃል። አንድሪያ ብሮክ የሚባል ትንሽ ልጅ አላት። የልጁ አባት በታሪኩ ውስጥ አይታይም። የእኛም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፪. ርኅራኄ ነበረው

ጄሲ ለሕፃናት ያለው ልብ የሚታየው ብሮክን ከማግኘቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በቀረበው በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ዕፅ የነጠቁትን ባልና ሚስት ፍለጋ ወደ አንድ የቆሸሸ ቤት ይገባል። በዚያም የሚያጥበውና የሚያበላው ያጣ አንድ ሕፃን ያገኛል። ለጠብ የመጣው ጄሲ የመጣበትን ጉዳይ ትቶ ፊቱን በእጁ እየሸፈነና እየገለጠ ሕፃኑን ያጫውተዋል። በመጨረሻም የባልና የሚስቱ ጠብ በግድያ ሲያበቃ፣ ፖሊስ እንዲመጣ ስልክ ደውሎ፣ ሕፃኑ ያንን እንዳያይ ተሸክሞ ከቤት ያወጣዋል። ከዚያም ራሱ እንዳይያዝ ትቶት ይሄዳል።

አንድሪያንም ያገኛት በመልካም መንገድ አልነበረም። ከዕፅ ሱስ ለመላቀቅ የሚሰበሰቡ ሰዎች ዘንድ ገብቶ ዕፅ ሊሸጥላቸው ሲያደባ ነው የተዋወቃት። ነገር ግን ትንሽ ልጅ እንዳላት ካየ በኋላ፣ እርሷ ራሷ ዕፁን ስትጠይቀው ተቆጣ። ልጅ እያላት እንዴት እንዲህ ታስባለች ብሎ ወቀሳት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያንን ዕፅ የሚሠራው ማን ነው? ራሱ ጄሲ ነው። የሚሸጠውስ ለማን ነው? እንደ አንድሪያ ላሉ፣ ምናልባትም ልጅ ላላቸው ሰዎች ነው። የአንዷን እናት ልጅ ስላየው አዘነለት፤ ያላያቸው ልጆች ግን ብዙ ናቸው። ርኅራኄው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ዓይኑ ካረፈበት አያልፍም። እኛም ብንሆን ፊታችን የቆመው ሕፃን ያሳዝነናል፤ በሥራችን የሚጎዳው፣ ግን የማናየው ሕፃን አይታሰበንም። ክርስቲያናዊ ርኅራኄ ካላየነው ባልንጀራ ዘንድ ሊደርስ ይገባዋል።

፫. የእንጀራ አባት

በቋንቋችን የእናት ባል «የእንጀራ አባት» ይባላል። ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። ሥጋን የሰጠ ሌላ ነው፤ ይህኛው እንጀራን የሚሰጥ ነው ማለት ነው። ጄሲና አንድሪያ አልተጋቡምና በሕግ የእንጀራ አባት ሊባል አይችልም። በግብር ግን እንጀራውን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቀረበው በአራተኛው ምዕራፍ ለአንድሪያ ገንዘብ ይተውላታል፤ ገንዘቡን ይዛ ልትጠይቀው ስትመጣም ከዚያ አደገኛ ሠፈር ወጥታ ልጇን በተሻለ ቦታ እንድታሳድግ ይነግራታል። የ11 ዓመት ታናሽ ወንድሟ ቶማስ ዕፅ ሻጮች መሣሪያ አስይዘው ሰው ካስገደሉት በኋላ ተገድሏልና፣ ብሮክም በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ፈርቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው።

ገንዘቡ ግን ከየት መጣ? ቶማስን ከበላው ከዚያው ንግድ ነው። ከእሳት ለማውጣት የዘረጋው እጅ ራሱ እሳት የያዘ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ እንጀራ መስጠት ትልቅ ነገር መሆኑ ነው። «ያልወለድሁት ምን አገባኝ» ከሚለው ሰው ጄሲ ይሻላል። ሁለተኛው፣ እንጀራው የመጣበት መንገድ ከእንጀራው ጋር አብሮ ቤት መግባቱ ነው። አባት የሆነ ሰው «ምን አመጣህ?» ብቻ ሳይሆን «ከየት አመጣህ?» ተብሎም ይጠየቃል።

፬. በኪስ ውስጥ ያለ መርዝ

ጄሲ ከብሮክ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ በአብዛኛው ጨዋታ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወታል፤ እንደ ታላቅ ወንድም ያወራዋል። ትልቅ ምክር የለም፤ ንግግርም አይበዛም። ልጁ ይለምደዋል። ሕፃን ሰው የሚለምደው ከስጦታው ይልቅ አብሮት በተቀመጠው ሰው ነውና ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ነገር ግን በዚያው ወቅት ጄሲ በሲጋራ ፓኮው ውስጥ መርዝ ደብቆ ይዞ ነበር። መርዙ ራይሲን ይባላል፤ የሚገኘውም እናቶቻችን ምጣድ ከሚያሰሱበት ከጉሎ ፍሬ ነው። ዋልተር ያዘጋጀው ጉስ ፍሪንግ የተባለውን የዕፅ ንግድ አለቃ እንዲገድልበት ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት ከሕፃኑ ጋር እየሣቀ ሲጫወት ሞት በኪሱ ነበር።

አንድ ቀን ብሮክ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ። ጄሲ ሲጋራውን ቢፈልግ አጣው። በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር በታሪኩ ሁሉ ውስጥ ከሠራው መልካም ሥራ አንዱ ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ምን እንደሆነ አላወቁም ነበርና፣ ራይሲን ሊሆን እንደሚችል እንድትነግራቸው ለአንድሪያ ነገራት። ይህን መናገር ራሱን አሳልፎ መስጠት ነበር፤ እንዲህ ያለውን መርዝ እንዴት አወቅህ ተብሎ በፖሊስ ተይዞ ተመርምሯል። እርሱ ግን ከራሱ ይልቅ ልጁን አስቀደመ። ወላጅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

በኋላ በምርመራ የታወቀው ልጁን ያሳመመው ራይሲን አለመሆኑ ነው። ሊሊ ኦቭ ዘ ቫሊ የተባለች፣ ነጭ አበባ ያላት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በየጓሮው የምትተከል መርዛም ተክል ነበረች። ልጁም ዳነ። የምዕራፉ መጨረሻ ግን ተክሉን በዋልተር ዋይት ጓሮ ያሳየናል። ሕፃኑን የመረዘው የጄሲ መምህርና ባልደረባ ነው። ምክንያቱም ጄሲን በጉስ ላይ ለማስነሣት ነበር። ጄሲ ልጁን ከልቡ እንደሚወድ ዋልተር ያውቃል፤ ያንን ፍቅር እንደ መያዣ ተጠቀመበት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕፃኑን የጎዳው የጄሲ ጥላቻ ወይም ቸልተኝነት አይደለም። ጄሲ ከማን ጋር እንደሚውል ነው። አንድ ወጣት ወደ አንዲት እናት ቤት ሲገባ ብቻውን አይገባም። ባልንጀሮቹ፣ ዕዳው፣ ሱሱ፣ ጠላቶቹና ምሥጢሩ ሁሉ ተከትለውት ይገባሉ። ትልቅ ሰው አደጋውን አይቶ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ሕፃን ግን የመጣውን ሁሉ የሚቀበለው በእምነት ነው።

፭. ደም ብቻ አባት አያደርግም

በድራማው ውስጥ ሁለት ዓይነት አባትነት ፊት ለፊት ቆመዋል። ዋልተር ዋይት የሁለት ልጆች የሥጋ አባት ነው። የሚሠራውን ሁሉ «ለቤተሰቤ ነው» ይላል። ነገር ግን «ለልጆቼ» እያለ የሌላውን ሴት ልጅ መርዝ አበላ። በመጨረሻው ክፍል ራሱ ለሚስቱ እንደሚያምነው፣ ሥራውን የሠራው ለራሱ ነበር፤ ይወደውም ነበር። የቤተሰብ ስም መሸፈኛ ሆኖት ኖሯል።

ጄሲ ደግሞ ከብሮክ ጋር በደም የሚያገናኘው ነገር የለም። ነገር ግን ልጁ በታመመ ጊዜ ነፍሱ ተናወጠች። እ.ኤ.አ. በ2013 መርዙን የሰጠው ዋልተር መሆኑን በተረዳ ጊዜም የዋልተርን ቤት ሊያቃጥል ቤንዚን እስከ ማርከፍከፍ ደረሰ። በቀልን አናመሰግንም፤ በቀል የእግዚአብሔር ነው። ይህ ግን ምን ያሳየናል? ልጅን ልጅ የሚያደርገው ደም ብቻ እንዳልሆነ ያሳየናል። የራሱን ልጅ ሲያስብ የሌላው ልጅ የማይታየው ሰው ፍቅሩ ገና አባትነት አልደረሰም፤ ራሱን መውደድ ነው።

፮. መለየቱ ትክክል ነበረን?

እ.ኤ.አ. በ2012 በቀረበው በአምስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ዋልተር በጄሲ ቤት ከብሮክ ጋር በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ልጁ ጨዋታውን ይጫወታል፤ የመረዘው ሰው አጠገቡ ነው፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ከዚያ በኋላ ዋልተር ጄሲን እንደ አባት ሆኖ ይመክረዋል። ሴቲቱን ከልብህ የምትወዳት ከሆነ ምሥጢርህን ሁሉ ልትነግራት ይገባሃል፤ ስለ ሠራኸው ግድያም ጭምር አስብበት የሚል ዓይነት ምክር ነው። ምክሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ዓላማው ግን ጄሲን ከእርሷ መለየት ነበር። ጄሲም ከአንድሪያ ጋር ተለያየ።

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት ሊኖር ይችላል። አንዱ «ደግ አደረገ፤ አደጋውን ከቤታቸው አራቀ» ይላል። ሌላው «ያለመደውን ልጅ አላምዶ ጥሎት ሄደ» ይላል። ሁለቱም እውነት አለባቸው። አደጋ ተሸክሞ በሕፃን ቤት ከመቀመጥ መራቅ ይሻላል። ነገር ግን ጄሲ የራቀው ከልጁ እንጂ ከአደጋው አልነበረም። ሥራውን ትቶ ልጁን መያዝ ሲገባው፣ ልጁን ትቶ በሥራው ቀረ። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለት ንስሓ፣ አልተሞከረም። ኃጢአቱን ለሚገባው ተናዝዞ፣ በሕግ ፊት የሚመጣውን ተቀብሎ፣ ንጹሕ ሰው ሆኖ መመለስ ይቻል ነበር። መንገዱ ከባድ ነው፤ ግን ልጁ የሚያስፈልገው እርሱ ነበር።

ከተለያዩ በኋላም አደጋው እናትና ልጁን አልተዋቸውም። ጄሲ በክፉዎች እጅ ታስሮ ዕፅ እንዲሠራ በተገደደ ጊዜ የአንድሪያና የብሮክ ፎቶግራፍ ፊት ለፊቱ ተሰቅሎ ነበር፤ እምቢ ብትል እነዚህ አሉ ማለታቸው ነው። ሊያመልጥ በሞከረ ጊዜም አንድሪያን በገዛ ደጇ ላይ እርሱ እያየ ገደሏት፤ ልጁ ገና እንዳለም አስታወሱት። ዘግይቶ የሚመጣ መራቅ ዘግይቶ እንደሚዘጋ በር ነው፤ ሌባው አስቀድሞ ገብቷል።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ኤል ካሚኖ» በተባለው ፊልም ይጠቃለላል። ጄሲ አምልጦ በሌላ ስም ሊኖር ወደ አላስካ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ለረዳው ሰው አንድ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ለብሮክ የተጻፈ ነው። በውስጡ ምን እንደተጻፈ ተመልካቹ አይሰማም። ካለፈው ሕይወቱ ሁሉ መሰናበት የፈለገው ያን ልጅ ነበር። ልጁ ግን በዚያን ጊዜ እናትም የለው፤ ጄሲም የለው። ደብዳቤ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ማታ ልጁን አቅፎ አያስተኛውም።

፯. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

ያልወለዱትን ልጅ የማሳደግ ምሳሌ በመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ነው። መርዶክዮስ አባትና እናቷ የሞቱባትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት። ወደ ንጉሡ ቤት ከገባች በኋላም ደህንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር። ኃላፊነቱ አድጋለች ብሎ አላቆመም።

ከሁሉ በላይ ግን የምናስበው አረጋዊው ቅዱስ ዮሴፍን ነው። ይህን ስናነሣ ቅዱሱን ከድራማ ሰው ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ሰማይና ምድር ናቸው። ድንግል ማርያምን እንዲጠብቅ የታጨ ጠባቂ ነበር፤ ጌታችንም ከእርሱ አልተወለደም። ሆኖም መልአኩ በሕልም በነገረው ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በወርኃ ጽጌ ታስበዋለች፤ ኅዳር 6 ቀንም የቁስቋምን በዓል ታከብራለች። በወንጌል ውስጥ ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። የተጻፈው ሥራው ብቻ ነው፤ ተነሣ፣ ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሲፈልግ ዮሴፍ ከሕፃኑ ጋር ተሰደደ፤ ሕፃኑን ትቶ አልሸሸም። ጄሲ ከብሮክ ተለይቶ በቀረበት በዚያ ቦታ ላይ ዮሴፍ ከሕፃኑ ጋር ጉዞ ጀመረ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም የራሳችንን ሥርዓት እናስተውል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆማሉ። ያልወለዱትን ልጅ በሃይማኖትና በምግባር ሊያሳድጉ በእግዚአብሔር ፊት ቃል የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ ያልወለዱትን ልጅ ልጄ ማለት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። የክርስትና ልጁን ከጥምቀቱ ቀን በኋላ ያላየ ሰው ካለ ግን፣ ደብዳቤ ልኮ ከቀረው ከጄሲ በምን ይለያል?

፰. ለእኛ ለወጣቶች

በአካባቢያችን ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች ወይም ብቻዋን የምታሳድግ እናት አትጠፋም። ሚስቱ የሞተችበት አባትም እንዲሁ። ከእኛም መካከል በእንጀራ አባት ወይም በእንጀራ እናት እጅ ያደግን አለን። ስለሆነም የሚከተሉትን ልብ ብንል ይጠቅመናል።

ሀ) ልጅ ያላትን ሴት ለትዳር የሚያስብ ወንድም፣ ወይም ልጅ ያለውን ሰው የምታስብ እኅት፣ የምትጠይቁት የአንድ ሰው ልብ አይደለም፤ የሁለት ነው። ሕፃኑ በሽማግሌዎቹ ፊት ባይቀርብም ጉዳዩ የእርሱም ነው። መንገዱም ንስሓ አባትን ይዞ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ በቅዱስ ጋብቻ ይሁን እንጂ እንደ ጄሲ ልጁን አላምዶ በሩን ክፍት አድርጎ መቀመጥ አይሁን። ጋብቻ ለሕፃኑም ዋስትና ነው፤ ነገ እንደማትሄድ ያውቃልና።

ለ) ከመግባታችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ። የመጠጥ ልማድ፣ ጫት፣ ቁማር፣ የተደበቀ ዕዳ፣ ክፉ ባልንጀራ ካለ አስቀድሞ በንስሓ ይወገድ። «ልጁን እወደዋለሁ» ማለት ብቻ ልጁን አይጠብቀውም።

ሐ) ሕፃኑን «አባዬ በለኝ» ብላችሁ አታስጨንቁት። ወላጅ አባቱ በሕይወት ካለ ስሙን አታጉድፉ፤ ከሞተ መታሰቢያውን አክብሩ። መጠሪያው ጊዜውን ጠብቆ ከልጁ አፍ ይመጣል። ባይመጣም ፍቅር አይቀንስ።

መ) ብስኩትና መጫወቻ መግዛት መልካም ነው፤ አብሮ መቀመጥ ግን ይበልጣል። የቤት ሥራውን ማየት፣ እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ፣ ሲታመም ማደር፣ አባትነት የሚሠራው በእነዚህ ነው።

ሠ) የራሳችሁ ልጅ በተወለደ ጊዜ ልዩነት አታድርጉ። ፈተናው የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። አንድ ትሪ ከቀረበ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ።

ረ) በእንጀራ አባት ወይም በእንጀራ እናት እጅ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተረት እንደሚባለው ሁሉም ክፉ አይደሉም። ሥጋ ሳያስገድዳቸው ያሳደጓችሁን አክብሩ። የሚበድል ካለ ግን፣ የሚደበድብ ወይም የሚያስነውር ቢሆን፣ ዝም አትበሉ። ለእናታችሁ፣ ለንስሓ አባታችሁ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችሁ ወይም ለሕግ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን መሸፈን ትሕትና አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጄሲ ፒንክማን ብሮክን አልወደደም ልንል አንችልም፤ ወዶታል። ፍቅሩ ግን የንስሓ ሥር ስላልነበረው ጥላ ሊሆነው አልቻለም። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ምን ያህል ከባድ ፍርድ እንደሚጠብቀው ነግሮናል፤ በስሙ አንድ ሕፃን የሚቀበልም እርሱን እንደሚቀበል አስተምሮናል። ያልወለድነውን ልጅ በበራችን ባገኘነው ጊዜ የቱን እንደምንሆን የሚወሰነው ያን ቀን አይደለም። ዛሬ በምንኖረው ኑሮ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጄሲ የሕፃኑን ሕመም ምክንያት በመናገር ራሱን ለአደጋ አጋልጧል። ከአንድሪያ የደበቀውን ሌላውን ምሥጢሩንስ መቼ ቢናገር ይሻል ነበር? ለማን?

2. «ለልጆቼ ብዬ ነው» የሚለው አነጋገር መቼ እውነት፣ መቼ መሸፈኛ ይሆናል? ከኑሯችን ምሳሌ ስጡ።

3. የክርስትና ልጅ ያላችሁ ወይም የክርስትና አባታችሁን የምታውቁ፣ በዚህ ዓመት ምን ያህል ጊዜ ተገናኝታችኋል? ምንስ ልታሻሽሉ ታስባላችሁ?

4. በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል ውስጥ አባት ወይም እናት የሌላቸው ልጆች አሉ። ክፍላችን በኅብረት ምን ሊያደርግላቸው ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።